ከምሽቱ አራት ሰዓት

ኦሉ ላይ ኅዳር ነው፤ ቀኑ የቸኮለ እንግዳ፣
ኮቱን ሳያወልቅ ሹልክ የሚል በጓዳ።
እኔ ፖስታ ቤት ነኝ፣ የሌሊት ተረኛ፣
ደብዳቤ ለያይ፣ የአድራሻ ዳኛ፤
ይሄ ለቶርንዮ፣ ያ ለሮቫንየሚ፣
ይሄ ጥቅል ለራሄ፣ ያ ፖስታ ለኬሚ።
የሰው ወረቀት ሁሉ እጄ ላይ ቤት ሲያገኝ፣
የራሴ ሐሳብ ግን በር አጥቶ ሲያስቸግረኝ፣
አድራሻውን ዝናብ እንዳጠበው ፖስታ
ሲንከራተት ያድራል ከቦታ ቦታ።
ሦስት ነገር ጀምሬ አንዱንም ሳልጨርስ፣
ቁልፌ ከፍሪጅ ውስጥ፣ ቅቤው ከኮቴ ኪስ።
“ሲርካ፣ ነፋስ ነሽ” ይለኛል አለቃዬ፤
ሳቅ ብዬ አልፋለሁ። ያማል ግን፣ ጌታዬ።

ለእረፍት ስንወጣ ማሽኑ ያንጎራጉራል፣
ሁሉም ኩባያውን ይዞ ይሰለፋል።
ሔልቪ አንድ ፉት ስትል ዓይኗ ይከፈታል፣
ፔንቲ ሁለት ጠጥቶ ቀልድ ይጀምራል።
እኔ ሦስተኛውን ጨልጬ ስነሣ
ግድግዳ ተደግፌ… እንቅልፍ። እንደ ሬሳ።
“ቡና ጠጥታ ተኛች!” እያሉ ይስቃሉ፣
በስልካቸው ሳይቀር ፎቶ ያነሣሉ።
እኔም እስቅ ነበር።

ኡርሆ፣ ልጄ፣ ዘጠኝ ዓመቱ፤ ወንበር ይጎረብጠዋል፣
መምህሩ ሲጠራው ከመስኮት ማዶ ሆኖ ይሰማል።
ሐኪሟ ጠየቀችው። ጻፈች። ደግሞ ጠየቀች።
ከዚያ ድንገት ብዕሯን ወደ እኔ አዞረች፦
“አንቺስ? ቡና ትጠጫለሽ?”
“ከመተኛቴ በፊት” አልኳት፣
“ሁለት ትልቅ ኩባያ። ካለሱ እንቅልፍም የለኝ፣ እውነት።”

ብዕሯ ቆመ።
የግድግዳው ሰዓት ሲራመድ ተሰማኝ።

“ትኩረት ማጣት፣ መቅበጥበጥ፣ ልጅሽን ብቻ ላይሆን ይችላል የያዘው” አለች።
ስለ ካፌይንም በእርጋታ አስረዳች፦
“አንዳንዱን ይቀሰቅሳል፤ አንዳንዱን ያረጋጋል፤
ለምን እንደሆነ ሳይንሱም ገና ይፈልጋል።
መድኃኒት ግን አይደለም፤ ምርኩዝ ነው፣ እወቂ፤
አብዝተሽ ተደግፈሽው አብረሽ እንዳትወድቂ።”
እውነቷን ነው። አምስተኛውን ኩባያ እኔው ነኝ የማውቀው፦
ልቤ በር ሲደበድብ፣ ጥቅሉን ከእጄ ስጥለው፣
የኬሚን ወደ ራሄ፣ የራሄን የትም ስልከው።

ግን ወደ ቤት ስንመለስ፣ አውቶቡሱ በረዶ ላይ ሲያዘግም፣
ያሰብኩት ስለ እኔም፣ ስለ ልጄም አልነበረም።
አባቴን ነው።

ታውኖ። የመጋዝ ቤት ሠራተኛ።
ሰባት ጊዜ ከሥራ የተባረረ።
ጀልባ ጀምሮ ነበር፤ አሁንም ጎተራው ውስጥ አለች፣
ግማሽ ጎኗ ብቻ፣ ባሕር ሳታይ አረጀች።
ሰው “ሰነፍ” አለው። እናቴ “ልበ ቢስ” አለችው።
ጉልበቱ ከጠረጴዛው ሥር ሲርገበገብ
ማንኪያው ኩባያው ውስጥ ይንቀጨቀጫል፤
ጎረቤት መብራት ሲያጠፋ፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት፣
አባቴ የቆርቆሮ ማንቆርቆሪያውን ይጥዳል።
ጥቁር። ያለ ስኳር። የሄል ዳቦው አጠገቡ
ሳይነካ ያድራል።
“ሌሊቱን ልታፈጥ ነው!” ትላለች እናቴ፤ በር ትዘጋለች።
እሱ ይጠጣል።
ከዚያ፣ ደረጃው ላይ ተቀምጬ እኔ ብቻ ነበርኩ የማየው፣
ጉልበቱ ይቆማል።
ማንኪያው ዝም ይላል።
ፊቱ ላይ የዋለው ገበያ ይበተናል።
“ሲርካ” ይለኛል፣ “ነይ፣ ትናንት ያቋረጥነውን ተረት እንጨርስ።”
ይጨርሰዋልም።

ሞተ። ማንም ብዕሩን ወደ እሱ አላዞረም።

ዛሬ ተራዬ አይደለም፤ ነገም ቅዳሜ ነው። ኡርሆ ወተቱን ይዟል፣
ጉልበቱ ይርገበገባል፣ ማንኪያው ይንቀጨቀጫል።
አልቆጣም። የእኔም ጉልበት ከሥር ይመልስለታል።
“እማ፣ ጎተራው ውስጥ ያለችው ጀልባ የማን ናት?”
ቡናዬን ግማሽ ላይ ትቼ ተነሣሁ፣
የእጅ ባትሪውን ፈለግሁ፣
መሳቢያ ከፈትኩ፣ ዘጋሁ፣ ለምን እንደተነሣሁ ረሳሁ፣ አስታወስኩ።

ፍሪጅ ውስጥ ነበር።