ለካ

ካውናስ፣ ዳይናቫ ሰፈር፤ አምስተኛ ፎቅ፤ ሊፍት የለም፤
መጋዝ የተሸከመ ጉልበት ደረጃ ሳይቆጥር አያልፍም።
በሩን የከፈተችው ዳንጉኦሌ፤ ሰባ አራት ዓመቷ፤
ቁመቷ እስከ ደረቴ፤ ድምፅዋ ግን ከቁመቷ
ይረዝማል፦ «ጫማህን አውልቅ። መታጠቢያ ቤቱ ያ ነው፤
ቤት ካልከው።»

ገባን። ሦስት ስንሆን አየሩ ነው ቦታ ለቆ የወጣ፤
እጄን ልዘርጋ ብል ግድግዳው ከሁለት በኩል መጣ።
ሜትሬን ሳብኩ። ከበሩ በኩል ለካሁ፦ መቶ ስድሳ አምስት።
ከገንዳው በኩል ለካሁ፦ መቶ ስድሳ ሁለት።
ስኳድራዬን ማዕዘኑ ላይ ባሳርፍ ብርሃን በሥሩ አለፈ፤
ይህን ግድግዳ ያቆመው ሰው እንቅልፉን ነው የለጠፈ።
የግንበኛ ስህተት የአናጺ ዕዳ ነው፤ በየትም አገር ያው፤
ውሃ ልክ ብቻ ነው በዚህ ዓለም አድልዎ የሌለው።

«ዕቃሽን አውጪልኝ» አልኳት፤ «ሳላይ እንጨት አልቆርጥም፤
የሚገባበት ካልታወቀ የሬሳ ሣጥን እንኳ አይገጥም።»
ዝም አለች። የተናገርኩት ዘግይቶ ገባኝ።

ኮሪደሩ ላይ ጋዜጣ ዘርግታ ደረደረች፦
አራት ፎጣ፣ አንዱ ለእንግዳ ተብሎ እንግዳ ያልነካው፤
የደም ግፊት ክኒን፤ ጥርሱ የረገፈ ማበጠሪያ፤
በጣሳ ሙሉ የልብስ መቆንጠጫ፤
ሦስት ባዶ የሽቶ ጠርሙስ («ሽታው አልወጣም»)፤
የወንድ ምላጭ ከነመያዣው፣
ብሩሽ፣ ጫፉ ላይ አረፋ እንደደረቀ።
«ይሄስ?» አላልኩም።
«እሱም መሳቢያ ይፈልጋል» አለች። «ጠባብ።»
ወረቀቴ ላይ ጻፍኩ፦ አንድ ጠባብ።

ሲፎኑ እንደ ግትር አማች መሐል ቦታ ተቀምጧል፤
መሳቢያው ወገቡ ይፈለጣል፣ በግራ በቀኙ ያልፋል።
መዝጊያው አይከፈትም፣ ይንሸራተት፤
ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ፣ ለመወልወያና ለእግሯ ጣት።
ኮምፔንሳቶው ውሃ የሚችል፣ ጠርዙ ቫርኒሽ የጠገበ።
ቺፑድማ እንፋሎት ሲሸተው እንደ ሊጥ ነው የሚነፋ።

ከገንዳው ራስጌ ግድግዳውን በጣቴ አንኳኳሁ፤
ድም፣ ድም፣ ከዚያ እንደ ባዶ እንስራ መለሰልኝ።
ረዳቴ ኤይማንታስ ሴራሚኩን ፈነቀለ፤
ከጀርባው አሥራ ስምንት ሳንቲሜትር፣ ከወለል እስከ ጣሪያ፣
ባዶ።
አርባ ዓመት ፎጣዋን በር ላይ ሰቅላ፣
አርባ ዓመት «ቦታ የለም» ብላ፣
ለካ!

ጠረጴዛው ቀረ። «ቴራዞ» አለች፤ «ግራጫ ሆኖ ነጭ ጠጠር ያለው፤
በመጋቢት በረዶው ሲሰባበር እንደ ኔሙናስ።»
ከፍታው? አሮጌውን ለካሁ፦ ዘጠና ስድስት።
መስታወቱም እንደዚያው፤ ግንባሯንና ጣሪያውን ያሳያል።
«በዚህ ቁመት ማን ሰቀለው?»
«ቫይዶታስ። ቅርጫት ኳስ ይጫወት ነበር።»
«አንቺስ?»
«እኔማ…» ክርኗን ሽቅብ አንስታ አሳየችኝ፤
ውሃው በክንዷ ወርዶ ብብቷ ድረስ፣
እጅጌዋ ዘወትር እርጥብ።
«አልነገርሽውም?»
«እሱ አልጠየቀ። እኔም አልለካሁ።»

«ክርንሽን አጥፊ» አልኳት።
ቀጥ ብላ ቆመች፣ ልብስ ሰፊ ፊት እንደቆመች ሙሽራ።
ከወለል እስከ ክርኗ፣ ከዚያ ላይ አሥራ አምስት ቀንሼ፦
ሰማንያ አንድ። በእርሳስ አሰመርኩ።

ድንጋይ የለ፣ ውሃ የለ፤
መዳፏን መስመሩ ላይ አሳርፋ፣ ጎንበስ ብላ፣
ፊቷን በአየር ታጠበች።
ከዚያ እጅጌዋን ዳበሰች።
«ልክ ነው» አለች።

ጠባቡን መሳቢያ ግን አዲሱ ባዶ ውስጥ ሳልኩት፣
ዘጠና ስድስት ላይ።
«መስመሩን ያበላሻል» አለ ኤይማንታስ።
«ያበላሽ።»