የወንበሬ ስፋት

ሜትሩን አምጪው አልኳት፣ ያንን የልብስ ሰፊ፣
ጫፉ የተበላውን፣ ቢጫውን፣ ተጣጣፊ።
ኤልዳና ተንበርክካ ለካችው ወንበሬን ከጎማ እስከ ጎማ፣
«ስድሳ አራት» አለች፣ ስልኩ ውስጥ ያለችው ሴትዮ እንድትሰማ።
ሴትዮዋ ዝም አለች፤ ይሰማኛል ድምፁ፣ ወረቀት ሲገለጥ፤
«ሃምሳ ስምንት ነው የክፍሉ በር» አለች፣ «እንዴት ይለወጥ?»
በስድስት ሳንቲ ሜትር!
ሦስት ጣት ሰፋሁና ባሕር ጠበበብኝ፤
ሳቄ አመለጠኝ።

ሠላሳ አንድ ዓመት እኔ ነበርኩ ገፊ፣
በዚሁ በጄኖቫ፣ ድንጋዩ አዳላጭ፣ ዳገቱ አንገት አስደፊ።
የሰው እናት ስገፋ፣ የሰው አባት ሳጥብ፣
መዳፌ ላይ ታትሞ የመያዣው ላስቲክ፣ እንደ ጥቁር ክታብ።
ሲኞራ ኦርኔላን እሑድ እሑድ ማታ ወደብ አወርዳለሁ፤
ነጩ መርከብ ሲሄድ ቆመን እናያለን፤ ብርድ ልብሷን አለብሳለሁ።
«አንድ ቀን» ትለኛለች። «እሺ» እላታለሁ።
አንድ ቀን ሳይመጣ እሷ ቀደመችው፤
ወንበሯ ለወራሽ፣ ብርድ ልብሷ ለእኔ፤
«አንድ ቀን» የሚለው ቃል ግን፣ ሳይናዘዙበት፣ ቀረ ከጎኔ።

ቅጹ መጣ በማግስቱ። ዘጠኝ ገጽ።
«ስንት ደረጃ ይወጣሉ?» ደህና ስውል ሦስት፤ ሲያመኝ ምንም።
«ስንት እርምጃ ይሄዳሉ?» ከአልጋ እስከ መስኮት ሰባት፤
ስመለስ ዘጠኝ፤ አልጋው ይሸሻል፣ እግር ሲደክም።
«የወንበርዎ ባትሪ ደረቅ ነው ወይስ ባለ ውሃ?»
ደረቅ ነው፤ ቀልዴም ደረቅ ነው፤ ጻፊው፣ ኤልዳና፦ በረሃ።
«አደጋ ቢደርስ፣ ሊፍቱ ቢቆም፣ ማን ያወርድዎታል?»
እስክሪብቶው ቆመ። ይህን የመሰለ ነገር በምን ይመለሳል?
ወገቧን አውቀዋለሁ፤ ሁለት ልጅ አልፎበት፣ ፋብሪካ ቆሞበት፤
ስሟን ግን ጻፈችው፣ መስመር አስምራበት።

ባገራችን ወንበር ያለው ዳኛ ነው፣ ወይ የቅኔ መምህር፤
አባቴም ነበረው፤ ተማሪው ከሥሩ ተኮልኩሎ ሲያድር።
«ወንበር አላቸው» ሲባል ሰው ይነሣ ነበር።
ለእኔም ይነሣልኛል፤ አንዳንዱ አይቶኝ፣
አንዳንዱ ላለማየት ሲጣደፍ፣ ሲደናበር።
ደግሞም የአባቴ አይሄድም፤
የእኔ ይሄዳል፣ ሲዘወር።

በሦስተኛው ሳምንት ተደወለ፤ ሰፊ በር ያለው ክፍል ተገኘ፤
ሌላ ሰው ትቶት ነው አሉ፤
ለምን እንደ ተወው ላለመስማት ልቤ ተመኘ።

ወደቡ ላይ፣ ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሶ፣ ማውሪትስዮ የሚሉት፣
«ልግፋዎት?» አለኝ፤ እጁን ሳያስነካ በፊት።
ጠየቀኝ!
ሲኞራ ኦርኔላን እኔ አንድ ቀን እንኳ ጠይቄያት ነበር?
ነዳኋት እንጂ፤ እንደ ጋሪ፣ እንደ ነገር፤
ዓይኗን ጨፍና እንደ ሆነ፣ ማየት ያሰኛት ወደ ግራ ይሁን ወደ ቀኝ፣
ከኋላ ለቆመ ሰው ፊት አይታይም፤ እሱ ነው የቆጨኝ።
«ግፋ» አልኩት፣ «ግን ቀስ በል፤»
ልጁ ምን ያውቃል፣ ዓይኔ ለምን እንደሚቀል።

በአራተኛው ቀን ደሴት ላይ ቆምን። ወደቡ ጥልቅ አይደለም፤
በትንሽ ጀልባ ነው የሚወረደው፤ «ይቅርታ፣ ወንበር አይገባም።»
ቅጹ ላይ ነበረ፤ ስድስተኛው ገጽ፣ በደቃቅ ፊደል።
ኤልዳናን «ሂጂ» አልኳት። «አልሄድም» አለች። ተቆጣሁ፤ ሄደች።
እጇን እያወዛወዘች አነሰች፣ አነሰች።

መርከቡ ባዶ ነው። አንድ ሠራተኛ ወለል ያጥባል።
ገንዳው ውስጥ የማንም ያልሆነ ኳስ ይንሳፈፋል።
ብርድ ልብሱን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁት፤ አሁንም ላቬንደር ይሸታል።
«ልግፋዎት?» አልኩ በጣልያንኛ፣ ዘግይቼ፣ ለማንም፤
መልስ አልጠበቅሁም።
ፍሬኑን ለቀቅሁት።
ማዕበሉ መርከቡን ዘመም ሲያደርገው፣ ወንበሩ ሄደ፣
ማንም ሳይነካው፣
ሦስት ጣት ያህል፣ ወደ ባሕሩ።