ከአራት አንድ

አባቷ ስልኩ ውስጥ እያሳለ ሳቀ፦
«ጡብ ስሸከምልሽ ትከሻዬ አለቀ፤
ከሰው ተበድሬ ሳምባልፑር የላክሁሽ፣
ለካስ ዝንብ ቁጠሪ ኖሯል የሚሉሽ!»
ሱካንቲም ሳቀች፦ «አራት መቶ ናቸው፤ ዝንብ ቶሎ ይወልዳል፤
በዐሥራ ሁለት ቀን ልጁን ለወግ ያበቃል።
እንደ ሰው ቢዘገይ፣ ባባ፣ ማን ይጠብቃል?»

ግንቦት ነው፤ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ሆኗል፤
መብራት ጠፍቷል፤ የጣሪያው ማራገቢያ ቆሟል፤
ኤተሩ ከላቧ፣ ከሙዝ ገንፎው ሽታ ተቀላቅሎ
አፍንጫዋ ላይ ተቀምጧል፣ እንደ እንግዳ ተደላድሎ።
ነጭ ሰሐን ላይ፣ በስልኳ ብርሃን ሥር፣
ዝንቦቹ ተኝተዋል፣ እንደ ተበተነ ዘር።
በሥዕል ብሩሽ ጫፍ፣ ትንፋሿን ገትታ፣
ሙሉ ክንፉን ለቀኝ፣
ክንፈ ጎዶሎውን ለግራ አውጥታ፣
ትቆጥራለች።

ደንቡ ግልጽ ነበረ። ዶክተር ፓኒግራሂ
ከሦስት ወር በፊት በጠመኔ የሣለው
አራት ክፍል ያላት አንዲት ትንሽ ሣጥን፦
ሦስቱ ልጅ ይበርራል፤ አንዱ ግን ክንፍ የለው።

ሦስት መቶ ሠላሳ አንድ። ስልሳ ዘጠኝ።
አልገጠመም።

ሊፕሳ፣ ጎረቤቷ፣ ደብተሯን ዘግታለች፤
«ሦስት መቶ ለመቶ» ብላ ጨርሳለች።
«ሠላሳ አንዱን ዝንብ ከቀኝ ወደ ግራ
ብትገፊያቸው ምን አለ? ማን አይቶ ሊያወራ?
መጽሐፍ መች ይስታል? ዝንቡ ነው ያነሰ፤
ተኚ፤ ነገ ፈተና ነው፤ ዐይንሽ ደም ለበሰ።»

ሺህ ዝንብ ቢሰበሰብ ጋን አይከፍትም ይባላል።
እነዚህ አራት መቶ ናቸው፤
አንድ ደብተር ግን ከፍተዋል፤
የደብተሯን ጀርባ፣ ማንም የማያየውን፣
ባለፈው ሰሞን የሣለችበትን ያን ሌላ ሣጥን።
በአንድ ጎን አባቷ፣ በሌላው እናቷ፤
በየደማቸው ውስጥ አንድ ጤነኛ ፊደል፣ አንድ ማጭድ።
ከአራት አንድ፣ ይላል ሣጥኑ።
ቤታቸው አራት ልጅ ነው።

ፉልማቲ በዘጠኝ ዓመቷ፣ ዝናብ በገባ ሳምንት፣
ጉልበቴን፣ ጉልበቴን እያለች አለፈች፤
የጤና ጣቢያው መዝገብ «ወባ» ብሎ ጻፋት።
ማንግሉ ዛሬም ብርድ ባለፈበት ቁጥር
አጥንቱ ውስጥ አዝመራ የሚታጨድ ይመስል ይንሰፈሰፋል።
ከአራት ሁለት።

ሣጥኑ አልዋሸም። አሁን ገብቷታል።
ዕጣ ግን ማስታወሻ ደብተር የለውም፤
ለታላቋ ያደረሰውን ለታናሹ አያካክስም፤
ልጅ በተፀነሰ ቁጥር እንደ አዲስ ይጣላል፤
አዛኝ አይደለም፤ ክፉም አይባል።

ባዶ ነው ያለችውን ጠርሙስ አነሳች፤
ወደ ስልኳ ብርሃን ዘንበል አደረገች።
ከታች፣ ከገንፎው ላይ፣ ጥቁር ነጠብጣብ፤
የሙዙ ፍሬ ነው ብላ ያለፈችው።
ቀረብ ብላ ብታይ፣ ክንፈ ጎዶሎዎች፣
ግድግዳው ያቃታቸው፣ እርጥቡ የያዛቸው፣
ቆጣሪ ሳይመጣ የሰመጡ ልጆች።
በመርፌ እያወጣች አንድ በአንድ ደረደረች።
ሃያ ሰባት።

ከሁለቱ ቁጥሮች ሥር ሦስተኛ መስመር ጨመረች፦
«ከጠርሙሱ ግርጌ፣ ሳይቆጠሩ የሞቱ፣ ሃያ ሰባት።»

(ሊፕሳ ዐሥር ከዐሥር ታገኛለች።
እሷ ሰባት ተኩል፤ ከሃያ ሰባቱ ጎን
የዶክተሩ ቀይ ቀለም አንድ የጥያቄ ምልክት ያኖራል።
እሱ ግን ከሳምንት በኋላ ነው።)

ስልኩ ጠራ። ማንግሉ ነው፤ ሲያመው አይተኛም።
«እቴ፣ ስንት ሆኑ?»
«አራት መቶ ሃያ ሰባት።»
«ለባባ አራት መቶ ብለሽው አልነበር?»
«ያላየኋቸው ነበሩ።»
ዝም አለ። ከጀርባው የአባታቸው ሳል ይሰማል።

መብራት መጣ። ማራገቢያው እየተንቋቋ ዞረ፤
ከቀኝ በኩል አንዲት ዝንብ እግሯን ሳበች፣ ክንፏን ሞከረች፤
ሱካንቲ ስልኩን በትከሻዋ እንደ ያዘች
የኤተሩን ጠርሙስ መፈለግ ጀመረች።