የጹባኪ ልጣጭ

ሱዌኖ ከደጇ ዝናም ተጠልላ
ፍሬ ትሰነጥቃለች ባሮጌ ቢላ፤
ሲያዩት ቀይ ፖም ነው፣ እጅን ያታልላል፤
ሲከፍቱት ልጣጭ ነው፣ አውራ ጣት ያህላል፤
ከዚያ ሁሉ ግንብ ውስጥ ሦስት ጥቁር ዘር፣
አንዳንዴም አራት፣ አንዳንዴ አየር።

ጹባኪ ይሉታል፤ የሻይ ሥጋ ዘመድ፤
ቅጠሉ ያው ወዛም፣ ጠርዙ ያው ሞረድ፤
አበባው ሲወድቅ ግን አይበተንም፤
ሙሉውን ዱብ ይላል፣ ስንብት አያውቅም።

«ይሄን ግንብ ማን አሠራው?» አልኳት።
የክብሪት ቀፎ ከፈተች፤ ውስጡ ያለችው ነቀዝ ናት፣
ሴት ነቀዝ፣ አፏ ከገላዋ የረዘመባት፤
ዕንቁላሏን ዘሩ ላይ ለመጣል ልጣጩን መብሳት አለባት።
«ዛፉ ልጣጭ ሲያወፍር እሷ አፏን ታረዝማለች፤
እሷ ስታረዝም ዛፉም...» ብላ ዝም አለች።
በሰሜን፣ ብርዱ አገር፣ ልጣጩም ስስ፣ አፏም አጭር፤
እዚህ ያኩሺማ ግን ሙቀት ያከርራል ነገር።

ከድንጋይ አጥሩ ማዶ እህቷ አለች፣ ኪኑዌ፤
ሠላሳ ዓመት አልተነጋገሩም፣ ባንዲት ክንድ መሬት።

ከአምስት ቅርጫት ፍሬ ጭልፋ ሙሉ ዘይት፤
ሁለት ብልቃጥ ሞላች። አንዱን ለጸጉሯ፤
አንዱን ልታስቀምጥ ሄደች ካጥሩ፣ ከድንበሯ።
እዚያው፣ ከድንጋዩ ላይ፣ ቀድሟት ይጠብቃል
ያምናው ባዶ ብልቃጥ፤
ታጥቧል፤
ተደፍቷል።