አውራ ጣት

መሐል ሜዳ ላይ፣ በታኅሣሥ ሌሊት፣
ውርጭ ነው የሚያድር ከሞተሩ ፊት።
ናፍጣው ይወፍራል፣ ዘይቱም ይረጋል፣
ብረትም እንደ ሰው መነሣት ይጠላል።

አባቴ ወልደየስ፣ የእርሻ ጣቢያ ሾፌር፣
የሚያስነሣው ግትር፣ አሮጌ ላንድሮቨር፤
ባትሪዋ ሞቶባት፣ ሞተሪኖው ታሞ፣
በማኖቬላ ነው፣ ካፍንጫዋ ቆሞ።

ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ፋኖስ እይዛለሁ፣
ከኋላ ጎማዋ ድንጋይ አስገባለሁ።
«ታኮው ገባ?» ይላል። «ገብቷል» እለዋለሁ።
«ማርሹስ?» «ዜሮ ነው።» «አየሽው?» «ነክቻለሁ።»
«መንካት ብቻ አይበቃም፤ ወዝውዢው እንደገና፣
ዜሮ መስሎ የሚያድር አንደኛ አለና።»

ብረቱን ሲጨብጥ አውራ ጣቱን ላየ
ከሰው አያያዝ ነው እጁ የተለየ፤
አያቅፍም፣ አይዞርም፣ አይሄድም አልፎ፣
ካራቱ ጎን ቆሟል፣ አብሮ ተሰልፎ።
«ለምን?» ብዬ ስለው፣ እጅጌውን ገልጦ
አሳየኝ አንጓውን፣ ተጣሞ፣ ጎብጦ።

«ሞተር ይመልሳል። ዙሩን ስትሰጪው
ወደ ኋላ ይራገጣል፤ በቅሎ ነው፣ እወቂው።
አውራ ጣት ካቀፈው፣ እጅሽን ይዞ ይሄዳል፤
ካላቀፈው ግን ተንሸራቶ ይወርዳል።»

ከዚያ ዝም አለ። ሌላ አልተናገረም።
ያን የተሰበረበትን ቀን ነግሮኝም አያውቅም።

አሁን ቁልፍ አለ። እኔ አምቡላንስ ነጂ፣
ማኖቬላ የለኝም፣ ልማዱ አለኝ እንጂ።

ትናንት፣ ስምንት ሰዓት ሌሊት፣ በቃሬዛ መጣች፤
እንግዳወርቅ ይሏታል፤ ድምፅ አላሰማች።
ምጧ ሁለት ቀኑ። «ደብረ ብርሃን!» አሉ።
ባትሪ አብርቼ ወጣሁ። ቀዝቅዟል ግቢው ሁሉ።

«ቶሎ በይ!» አለኝ ባል፣ መስታወት እየመታ፤
እኔ መኪናዋን ዞርኳት፣ በዝግታ።
ጎንበስ ብዬ ባይ ውሻ ተኝቶ ነበር፣
የቀን ሙቀቷን ፈልጎ፣ ከጭስ ማውጫው ሥር።
«ውጣ» አልኩት። ወጣ፣ እያዛጋ፣ ቅር እያለው፣
ባልየው ውሻውንም እኔንም ረገመው።

የእጅ ፍሬን ሳብኩ።
ማርሹን ወዘወዝኩ፤ ደግሜ ወዘወዝኩ።
ፍሪሲዮን ረግጬ ቁልፉን ግማሽ አዞርኩ።
ቢጫዋ መብራት በራች፣ የካንዴሌታዋ፤
ጠብቅ ነው የምትል፣ ያቺ ናት ቋንቋዋ።

«ምን ትጠብቂያለሽ?»
«እስኪሞቅ።»
«ሰው እኮ ነው የምትሞተው!»
አውቃለሁ። ግን ቆጠርኩ፦
አንድ። ሁለት። ሦስት።
የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤
ባትሪ ከፈሰሰስ ለቃሚዎች የታሉ?
አራት። አምስት። ስድስት።
ከኋላ፣ ከቃሬዛው፣ አንድ ረጅም ትንፋሽ።
ሰባት። ጠፋች።

አንዴ ብቻ አዞርኩ። አጓራች፤ ተያዘች፤
እንደ ደረት በሽተኛ ሳለች፣ ደግማ ሳለች፣
ነጭ ጭሷን ተፍታ ድምፅዋን አስተካከለች።
የዘይቱ ቀይ መብራት እስኪጠፋ አየሁ።
ያኔ ነው «ግባ» ያልኩት። ያኔ ነው የነዳሁ።

ጣርማ በር ላይ ጉሙ መብራቴን ዋጠው፤
ከመሪዬ ወዲያ ዓለም አልነበረው።
ባልየው ከጎኔ፣ ጋቢውን ተከናንቦ፣
አንዴም አልተነፈሰ፣ ጉልበቱን ሰብስቦ።

ጎህ ሲቀድ አሳዩኝ፣ በፎጣ ጠቅልለው፣
ቀይ፣ የተቆጣ፣ ፀጉሩ ርጥብ ነው።
እናቲቱ ደም ተሰጥቷት ተኝታለች፤
ነርሷ ለአፍታ ያዢልኝ ብላኝ ዞር አለች።

እጁን አየሁ፦ አውራ ጣቱ በውስጥ፣
አራቱ በላዩ፣ አጥብቆ ሲጨብጥ።
ቀስ አድርጌ ፈታሁት። አንድ ባንድ።
አውራ ጣቱን ካራቱ ጎን አስተኛሁት።

ወዲያው መልሶ ሸጎጠው።

ሳቄ መጣ። «ይሁን» አልኩት፣
«ገና ብረት አልያዝክም።»

ለነርሷ መልሼው ወደ ግቢው ወጣሁ።
መኪናዋ ቀዝቅዛለች። ጎንበስ ብዬ አየሁ።