የቀበሌያችን ቅጽ

በምሥራቅ የሚያዋስነን ደረቁ ደቻቱ፣
በጋውን አሸዋ ነው፤ ክረምት ግን በሌሊት ነው መምጣቱ።
በምዕራብ ሐዲዱ፣ ፉጨት የራቀው፣
ፍየል ካርቶን እያኘከች ቆማ የምትጠብቀው።

የሕዝቡን ብዛት ረምዚያ በእርሳስ ነው የጻፈችው፤
ገሚሱ ሙቀት ሲጠና ሐረር ይወጣል ብላ
ላጲሷን አጠገቡ አኖረችው።

ቋንቋ? ዋጋ በሶማሊኛ ይጠራል፣ በኦሮምኛ ይወርዳል፣
በአማርኛ ይማላል፤
ሒሳቡ ግን በዱቤ ያድራል።

የመራጮች መዝገብ፣ ተራ ቁጥር ሰባ ሦስት፦
ኦቦ ጁንዲ ኢብሳ፣ የድሮ ፍሬን ያዥ።
“የቤት ቁጥር” የሚለው ላይ እርሳሷ ቆመ፤
ቤቱን ጎርፍ ወስዶት ስንት ክረምት ከረመ።
ሽማግሌው ከሽርጡ እጥፋት ጎልጉሎ
አሸዋ የፋቃት ባለቁጥር ቆርቆሮ ሰጣት፣
“ይኸው ቤቴ” ብሎ።

ረምዚያ እርሳሱን አስቀመጠች።
እስክሪብቶ ፈለገች።