ሁለት ደቂቃ በረዶ

ጠዋት ጠዋት ደህና ነው።
መረቡን በእንጨቱ ደጅ ይዘረጋል፣
የተበጠሰውን ዓይን ከዓይን ያጋጥማል፣
ባሕሩ ከወለላችን ሥር ይገባል፣ ይወጣል፤
ወንድሜን ኤሊሴዮን ጠዋት ያየ ሰው
«ደግሞ ይኼ ምን ሆኗል?» ይላል።

ሲመሽ ነው መምጣት።
የዓይኑ ቆብ እንደ ራሰ ሸራ ሲወድቅ፣
አንዲቱ ጀልባ ሁለት ሆና ስትርቅ፣
የጎረሰውን ማላመጥ አቅቶት
መንጋጋውን በመዳፉ ሲደግፍ፣
ድምፁ ሲሣሣ፣ «ኤዲልያ» ሊል ጀምሮ
«ኤዲ—» ላይ ሲያርፍ።

መጀመሪያ ድካም ነው ተባለ፤ ተኛ።
ቀጥሎ መጠጥ ነው ተባለ፤
አባታችንን የሚያውቅ ሁሉ ዳኛ።
የካስትሮው ሐኪም ቫይታሚን ሰጠን፣
መነጽር ሻጩም መነጽር ሸጠን፤
ጎረቤታችን ኦቲልያ ቀይ ክር ይዛ መጣች፣
አንጓው ላይ አሰረችና
«የሰው ዓይን ነው» አለች።
ከሁሉም እሷ ቀርባ ነበር፤
ቢያንስ ዓይን ብላለች።

እኔ ያልጠየቅሁት ማን ነበር?
የፋርማሲዋን ልጅ፣ ቄሱን፣ የከብት ሐኪሙን ሳይቀር፤
በልጄ የሒሳብ ደብተር ጀርባ
ሕመሙን እንደ ዱቤ ስመዘግብ ነበር፦
ስድስት ሰዓት፣ ደህና።
ዘጠኝ ሰዓት፣ ግራው ወረደ።
አሥራ አንድ፣ ቀኙ።
ማታ፣ ዳቦው በሾርባ ርሶ እንኳ አልወረደ።

ወሽመጡን ተሻግረን ፖርቶ ሞንት ስንደርስ
ስፔሻሊስቷ የለችም፤ ቀጠሮው ለሦስት ወር ተላለፈ።
እዚያው ኮሪደር ላይ፣ ቁጥራችን እጃችን ላይ እንዳረፈ፣
አንዲት ሴት፣ ሴልሚራ፣ እንቁላል ልጣ አካፈለችኝ።
ልጇ አጠገቧ ናት፤ ጉንጮቿ ላይ ቢራቢሮ የመሰለ ቅላት፤
የልጅቱም ጠብ ከገዛ ገላዋ ጋር ነው።
«ያንቺስ?» አለችኝ። ነገርኳት።
የሰባት ወሩን ነገር በአንድ እንቁላል ጨረስኩት።
አልመከረችኝም። አይዞሽም አላለችኝ።
«እናቴ እንዲሁ ነበረች» አለች፣
«በረዶ አድርጊበት፣ ሁለት ደቂቃ።
ቆቡ ከተነሣ ለሐኪሟ ንገሪያት፤
ካልተነሣም ንገሪያት።»

በቺሎዌ ደሴት በረዶ ያጣ የለም።
ከዓሣ ገበያው ሳጥን ሥር አፍሼ፣
በላስቲክ ጓንት ቋጥሬ፣
ግራ ዓይኑ ላይ ይዤ መቶ ሃያ ቆጠርሁ፤
ጣቴ ደነዘዘ።
ሳነሣው
ቆቡ ተነሣ።
ወንድሜ ከሰባት ወር በኋላ፣ መሽቶ ሳለ፣ አየኝ።
አየኝና፣ ቃሉን በስንት ፍለጋ አግኝቶ፣
«ሸብተሻል» አለኝ።
ሳቅሁ። በረዶው ቀልጦ በክርኔ ሄደ፤
ሳቄን ሳልጨርስ ቆቡ ተመልሶ ወረደ።

በቀጠሮው ቀን ሐኪሟ፣ ገና ወጣት ናት፣
በወረቀት ጀርባ ሣለችልን፦
ይኼ ነርቭ፣ ይኼ ጡንቻ፣ መካከሉ በር።
መልእክተኛው ይደርሳል፤
ግን ገላው ራሱ የቀጠረው ዘብ
ደጁን ዘግቶ «አላውቅህም» ይለዋል።
ጠላት መስሎት ነው። ክፋት የለበትም።
«ይድናል?» አልኋት።
«ይታከማል» አለች።
በሁለቱ ቃላት መካከል
የወሽመጡን ያህል ውኃ አለ፤
ዝም ብዬ ዳሩ ላይ ቆምሁ።
ወሽመጥ ግን ጀልባ አለው። የኛው ክኒን ነው፣
ትንሽ፣ ነጭ፤ በየአራት ሰዓቱ ይነሣል።
አንዳንዴ ማዕበል ያዘገየዋል።

ዓሣ ሻጩ አሁን ሳልጠይቀው
ጓንቱን ሞልቶ ያስቀምጥልኛል፤
ምን እንደማደርግበት አያውቅም።
ደብተሩ ሁለተኛው ነው። የትናንቱ ገጽ፦
አንድ ሰዓት። ግራው ወረደ። ቀኙ ቆይቷል።
ሾርባውን ጨረሰ።
ስሜን ጠራኝ፤ አንዲት ፊደል ቀረችው።